ጥቁር የቀባሁት ጥድ

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለሼኹ ተንፍሼ አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ ይቀለኛል።

ካርቱም የቆየሁ አናጢ ነኝ። እትዬ ከድጃ የወሎ ሰው ናት፤ ካፉሪ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት እየሠራች ማዮ የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል አቆመች። ጣራዋን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔው! አግዳሚው እዚህ ሙስኪ የሚሉት ነጭ ጥድ ነበር። ለመጋዝ ይመቻል፣ ግን ምስጥ እንደ ዳቦ ይወደዋል። ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ውስጥ ተነክሮ ማደር አለበት። ይህን የማያውቅ አናጢ እዚህ የለም። እኔም አውቅ ነበር።

ግን በማግስቱ ኢድ ነበር፤ የዛሬዋን ሚስቴን ወላጆች ልተዋወቅ ነው። ያ ዘይት ደግሞ ጥፍር ውስጥ ከገባ ሳምንት አይለቅም። በጥቁር እጅ አማቾቼን ልጨብጥ? ጥዱን ሳልነክር እንዳለ ቀበርኩት። ከግድግዳው ወጥቶ የሚታየውን አንድ ስንዝር ብቻ በብሩሽ ጥቁር ቀባሁ። ለዓይኗ ቀባሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እሷ ቀና ብላ አየችና «እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ!» አለችኝ። አሜን አልኩ። አላፈርኩም፣ አሜን አልኩ!

በሦስተኛው ኸሪፍ፣ የክረምቱ ዝናብ ሲከብድ፣ ጣራው ላይዋ ላይ ወረደ። ቀኝ ክንዷን ሰበረው። ፍርስራሹን ሳነሳ የአግዳሚው ጫፍ ጣቴ ላይ ዱቄት ሆነ። ጎረቤቶቿ «አናጢው ነው ጉድ የሠራሽ» ሲሉ፣ ክንዷን እንዳቀፈች ተቆጣች፦ «ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቀብቶልኛል! የአላህ ነገር ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ!» እኔ ማንም ሳያይ ጫፎቹን ሰብስቤ እሳት ውስጥ ከተትኳቸው።

አዲሱን ጣራ በነጻ ሠራሁላት፤ ለዚያም ሰው ሁሉ እስኪሰማ መረቀችኝ። ምርቃት እንዲህ ያቃጥላል? ክንዷ ግን አልተቃናም፣ የካፉሪ አሠሪዎቿም ሌላ ሠራተኛ አስገቡ። ዛሬ ደጇ ላይ ለውዝ ትሸጣለች። በየኢዱ ከሚስቴ ጋር እንጠይቃታለን። ዱዓ ስታደርግልኝ ግራ እጇ ይነሳል፣ ቀኟ ጭኗ ላይ ይቀራል።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ቸኩዬ ነው አልልም። አውቅ ነበር። «አፉ በይኝ» ማለት ያለብኝ ለእሷ ነው፤ አፌን ከፍቼ ስንቴ ዘጋሁት! ለእናንተ መናገሬም ያው ነው፤ አሁንም የቀባሁት የሚታየውን ስንዝር ነው።