የአባዬ ሸሚዝ እጣቢ

ትናንት ከጋፋት በእግሬ ስመለስ ዝናብ አገኘኝና ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ቀይ ጭቃ ሆነ። ቤት ገብቼ አጥቤው እጣቢውን ልደፋ ሳፋውን ሳነሳ፣ የረጠበው አፈር ሽታ ሽቅብ መጣና እጄ ሳላዘው ሳፋውን ቀስ እያደረገ ማሽከርከር ጀመረ። ብቻዬን ስለነበርኩ የሳቀብኝ የለም።

አባዬ ወርቅ ቆፋሪ ነበር። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ከደብረ ታቦር ተነስቶ ከአባይ ማዶ ወዳለው ቆላ ይወርዳል፤ ለፋሲካ ይመለሳል። የሚሠራባት ከተማ፣ እሱ እንደሚለን፣ ቤቶቿ ሁሉ ላስቲክ ናቸው፤ ወርቁ ሲያልቅ ተጠቅልላ አይሱዙ ላይ ትጫንና ወደ ሌላ ወንዝ ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ስለሌላት እሁድ እሁድ ድቁናውን ትቶ ዶማ ያነሳ አንድ ጎረምሳ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ ውዳሴ ማርያም ይደግምላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የቆፋሪዎቹን ፀጉር ቆርጦ አይጥልም፤ አጥቦ ወርቅ ይፈልግበታል።

እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ የአባዬን ልብስ እጣቢ ዝም ብላ ደፍታ አታውቅም። አባዬ አፈር በሚያጥብበት ገበቴ ላይ ገልብጣ፣ ልክ እንደ እሱ እያሽከረከረች ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ታፈሳለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል አያለሁ።

«ስንት ወር አጥቤ ያጣሁትን አንቺ ከሸሚዜ ልታገኚ ነው?» ይላታል።

«አንተ ያጠብከው መቼ ጠርቶ ያውቃል» ትለዋለች።

አንድም ቀን አግኝታ አታውቅም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ፋሲካ አለፈ፣ አባዬ አልመጣም። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት አብሮት የሚቆፍረው አያ ሙሉ ገበቴውንና በላስቲክ የተቋጠረ ሸሚዝ ይዞ መጣ። ጉድጓዱ ተደርምሶበት እዚያው ቀብረውታል።

ለቀስተኛው ተበትኖ እማዬ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት አንድ ጠዋት፣ ሸሚዙን ሳይታጠብ ትራሷ ሥር አገኘሁት። ሐዘኑ አድክሟት የተወችው መሰለኝ። ቀዩ ጭቃ እስኪለቅ ድረስ አሸሁት፤ አሰጣሁት፤ እጣቢውንም ገበቴ ላይ ገልብጬ እሷ እንደምታደርገው አሽከረከርኩ። ውሃው ሲያልቅ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ቢጫ ፍንጣሪ ከሥር ቀረች።

እማዬ እስክትመጣ ጣቴ ላይ አድርጌ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

«እማዬ፣ አገኘሁ።»

ጣቴን አላየችም። በአጠገቤ አልፋ ገመዱ ጋ ሄደችና እርጥቡን ሸሚዝ ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«በሳሙና ነው ያጠብሽው?»

«ሁለቴ» አልኳት፣ እንድታመሰግነኝ።

ሸሚዙን መልሳ ገመዱ ላይ አስተካከለችው። «ጎበዝ፣ ልጄ» አለችኝ።

ከተማዋ ተጠቅልላ ከሄደች ቆይታለች፤ መቃብሩን የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። እማዬም ካረፈች ወዲህ ፍንጣሪዋ በክብሪት ቀፎ ውስጥ እኔ ዘንድ ናት። አንዳንዴ ቀፎውን ከፍቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋታለሁ። ወርቅ ምንም አይሸትም።