በጣሳ የተተከለው ጉሎ

ቅንጭቡን የቆረጥነው እኛው ነን። ጣሊያን አዘዘ፣ አስተርጓሚው ገበያ መሃል ቆሞ ለፈፈ፣ እኛም አባቴ በእጁ የተከለውን አጥር በገዛ ገጀራችን ከሥሩ ጣልነው። በአዲሱ መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ከጉልበት ከፍ ያለ አጥር እንዳይኖረው ነበር ትእዛዙ፤ አርበኛ እንዳያደፍጥበት ነው አሉ። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የቅንጭብ ወተት ዓይን ያጠፋል ስለሚባል ፊቴን በሻሽ ጠቅልዬ እየቆረጥኩ ስሳደብ ዋልኩ። ማንን እንደምሳደብ እኔም አላውቀውም፤ ስድቡ ግን ከአፌ አልጠፋም።

አባቴ በወባ ከሞተ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ እናቴም ዒዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት በእኛ ዘንድ አራት ወር ከአሥር ቀን በባሏ ቤት ትቀመጣለች። አታጌጥም፣ ከግቢ አትወጣም፣ ለባዕድ ወንድ አትታይም። አጥሩ ሳለ ይህ የሚከብድ ነገር አልነበረም፤ ግቢው ውስጥ እንደ ልቧ ትንጎራደድ ነበር። አጥሩ ሲወድቅ ግን ግቢያችን አደባባይ ሆነ። ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ ውሃ ይዛ ብቅ ስትል መንገድ ላይ ያለው ወታደር ያፏጫል። ቤት ውስጥ እንዳትቀመጥ ደግሞ የሮቢት ቆላ ሙቀት ነው፤ የቀኑን ሙቀት ቤት ዘግቶ የቻለ ሰው አላየሁም።

ይሁን እንጂ የአጥሩ መውደቅ አንድ ነገር ሰጥቷት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ለመንገድ ሥራ በግድ ከተወሰደ ከርሟል። የሚያድረው በሠራተኞች ሰፈር ውስጥ በዘበኛ ተጠብቆ ነው፤ ለአባቱ ቀብር እንኳ አልለቀቁትም። በየቀኑ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲቃረብ ድንጋይ ከሚፈልጡበት ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ በቤታችን ፊት ያልፋሉ። መቆምም መናገርም ክልክል ነው። አንዲት ጎረቤታችን ባሏን ብትጣራ እሷን ትተው እሱን ነው የገረፉት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ድምፁን አያሰማም። በቅንጭቡ ዘመን እናቴ የምትሰማው ኮቴያቸውን ብቻ ነበር። አሁን ከደጃፉ ጥግ ሆና ታየዋለች፣ እሱም ያያታል። «ዛሬ ከስቷል» ትለኛለች፣ ወይም «ዛሬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ»። ከዚያ እራቷን ትበላለች። ያላየችው ቀን አትበላም።

አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ይህን አያውቅም ነበር። ከደጋው ወርዶ ግቢያችን ተራቁቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። የወንድሙ ሚስት በዒዳዋ የወታደር መሳቂያ ሆና አትቀመጥም፤ ወይ ይህች ጨረቃ ሳታልቅ ግቢው ይሸፈናል፣ ወይ እሱ ቤት ሄዳ ትጨርሰዋለች አለ። ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ከዚያም ወንድሜ የሚያልፍበት መንገድ አይታይም። እናቴ ዒዳዬን ባሌ የሞተበትን ቤት ጥዬ አልጨርስም አለች። ሌላውን ምክንያቷን አልነገረችውም፤ ለእኔ ግን አልተሰወረኝም።

መላውን ያመጣው ያው የለፈፈው አስተርጓሚ ነው። የክልክሉ ነገር መሬት ላይ የተተከለ ነው፣ የጣሊያኑ ሹም ራሱ በረንዳው ላይ አበባ በጣሳ ደርድሯል፣ በጣሳ ያለውን ማንም አይጠይቃችሁም አለን። ባዶ የቤንዚን ጣሳዎቹንም ከሰፈሩ ያስመጣልን እሱ ነው። ሰውየውን አልወደውም ነበር፤ ለምን እንደረዳንም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ተክሉን የመምረጡ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። እናቴ በማግሥቱ ማለዳ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ «ከውጭ የማያሳይ፣ ከውስጥ ግን የሚያሳይ ምረጪልኝ» አለችኝ።

«እማ፣ እንዲህ ያለ ተክል አላህ አልፈጠረም» አልኳት።

«ፈልጊ» አለች።

ፈለግሁ። ሸምበቆ ከሮቢ ወንዝ ዳር አመጣሁ፤ ቁመቱ ያምራል፣ ግን በመሃሉ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል፤ ጥላ ለሌለው ጣሳ ደግሞ ውሃ አይበቃውም። ሸንኮራ ቢሆን ወታደሩ ሰብሮ ይመጠዋል። ጫት ብተክል የሰፈሩ ሰው በሦስት ቀን መልምሎ ባዶ ግንድ ያስቀርልኛል። ሎሚ የእናቴ ዒዳ ይቅርና የእኔ ዕድሜ የሚበቃው አልመሰለኝም። ማሽላን አሰብኩና ወፉ ትዝ አለኝ፤ ግቢ ውስጥ ማማ ሠርቼ ወንጭፍ ላጮህ ነው? የቀረው ጉሎ ነበር። ቅጠሉ እጅ ያክላል፣ ፍየል አይበላውም፣ እድገቱም ችኩል ነው። መጀመሪያ ረጃጅሙን ነቅዬ ወደ ጣሳ አዛወርኩና በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሞኝነቴ ነው፤ ቁመት የፈለግሁት በአንድ ቀን ነበርና። ቀጥዬ ወገቤ ድረስ የሚደርሱትን ከነአፈራቸው አምጥቼ ተከልኩ፣ ጣሳዎቹን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ጨረቃዋ ሳታልቅ ከሰው ቁመት በለጡ።

ማየቱንም ነገር አልረሳሁትም። የታችኛውን ቅጠል ሁሉ ቀነጠስኩት። መንገዱ በድንጋይ ተደልድሎ ከግቢያችን ከፍ ስለሚል፣ ከላይ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ቅጠል ነው። እናቴ ግን መሬት ላይ ዝቅ ብላ በግንዶቹ መሃል ብታይ፣ የሚያልፈውን ሰው ከጉልበቱ በታች ታየዋለች። ከዚያ በላይ አልሆነልኝም። አሳየኋትና ስታመሰግነኝ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብላ አየችና «እግሩ ይበቃኛል» አለች።

አጎቴ መጥቶ አየና ወደደው። ሴት ልጅ እንዲህ ታስባለች እንዴ ብሎ አሞገሰኝ። በእውነት ኮርቼ ነበር።

አንድ ቀን ግን እናቴ ውዱእ እያደረገች፣ ፀጉሯም ክንዷም ተገልጦ ሳለ፣ ነፋስ መጥቶ ሁለት ጣሳ ገለበጠ። የቁመቱን ያህል ክብደት አልነበራቸውም። በዚያው ቅጽበት ወታደር የጫነ ካሚዮን ያልፍ ነበርና ሳቁ እስከ ጎረቤት ተሰማ። እናቴ ሮጣ ገባች፣ ፀሐይ እስክትጠልቅም ደጁን አልከፈተችም። እኔ በንዴት ጦፌ፣ ከመንገዱ ድንጋይ ለቅሜ ጣሳዎቹን እስከ አፋቸው ጠቀጠቅኋቸው፣ ግንዶቹንም እርስ በርስ በገመድ አሰርኳቸው። ከእንግዲህ ነፋስ ቀርቶ በሬ አይገለብጣቸውም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዐስር ሲቃረብ እናቴ ቅጠሉ ሥር ትሄድና ጉንጯ መሬት እስኪነካ ታጎነብሳለች። ወንድሜ ግራ እግሩን ወደ ውስጥ አዙሮ ነው የሚራመደው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ከዚያ ሁሉ እግር መሃል ለይታ ታወጣዋለች። «ቆስሏል» ትላለች አንዳንዴ፤ ሌላ ቀን ደግሞ «ቁስሉ ደርቋል»። ፊቱን ካየች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሱም እሷን ካየ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጭራሽ አልመጣልኝም። ስለ ወታደሩ ዓይን እንጂ ስለ ወንድሜ ዓይን ያሰበ በቤቱ አልነበረም።

ዒዳዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ይመስለኛል፣ በዚያ ሰዓት የእግር ድምፅ ቀርቶ የካሚዮን ድምፅ መጣ። እናቴ እንደልማዷ አጎንብሳ ነበር። ያየችው ጎማ ነው። ቀና ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ጠራችኝና፣ «ይህን ጣሳ ጎትቺልኝ፣ ቶሎ» አለች። ያዝኩት። ድንጋዩ የእኔው ነው፣ ገመዱም የእኔው ነው፤ አልነቃነቅ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ባለ በሌለ ኃይሌም አልጎተትኩም። ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ካሚዮኑ እንደገና ወታደር የጫነ መስሎኝ ፈራሁ። አልፎ ሄደ። በማግሥቱ እግር አልመጣም። በሳልስቱም። ጣርማ በር ላይ ተራራውን ወደሚበሱበት እንደወሰዷቸው የሰማነው በኋላ ነው። እናቴ ግን ዒዳዋ እስኪያልቅ በየቀኑ ዐስር ሲቃረብ እዚያው ቅጠሉ ሥር ታጎነብስ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ቤታችንን እያጠያየቀ መጣ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ካሚዮን የተጫነ ነበር፤ ወንድሜ ተራራው ላይ በንዳድ እንደሞተ ሊነግረን ነው የመጣው። ተቀምጦ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ለእናቴ፣ «እትዬ፣ እርስዎን በሕይወት አገኛለሁ ብዬ አልመጣሁም» አላት። እንደነገረን፣ ቅጠሉ ግቢያችንን ከሸፈነ ወዲህ ወንድሜ እናቱን በደጃፉ ላይ አንድም ቀን አላያትም። «እናቴ ዒዳዋን ሳትጨርስ ከዚያ ቤት አትወጣም፣ ታማለች» ይል ነበር። ካሚዮኑ በቤታችን ፊት ሲያልፍ ዘበኛውን ሳይፈራ ብድግ አለ፤ ከላይ ሆኖ ቅጠሉን አሻግሮ ግቢውን አየው። ደጁ ክፍት ነው፣ ሰው ግን የለም። በዱላ መትተው ሲያስቀምጡት «ሞታለች ማለት ነው» አለ። እስኪሞት ድረስም ከቁርአን የሚቀራላት ለሙት የሚቀራውን ነበር።

ሰውየው ይህን ሲናገር እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቴ አላለቀሰችም። የመጣበትን መንገድ አላህ ይቁጠርልህ ብላ መረቀችው፣ ውሃም ደግማ ቀዳችለት። ከዚያ ማስረዳት እንዳለባት ሁሉ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፣ ልጄ» አለችው። «ቅጠሉ ሥር ሆኜ እግሩን እየፈለግሁ ነበር።»