ሣጥኑን ሳልከፍት ፈረድኩ

የቼዝ ዳኝነት የጀመርኩት ኮልፌ በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ግርማ የጨዋታ ሰዓቶቹን እየሞሉ፣ "ስማ፣ ዳኛ ማለት እጁን ኪሱ ከትቶ ዓይኑን ከፍቶ የሚዞር ሰው ነው። ጨዋታው አያገባህም" አሉኝ። ያን ጊዜ የምንፈራው ተመልካች በጥቅሻ እንዳይጠቁም ብቻ ነበር።

በኋላ ዘመናዊው የእጅ ስልክ መጣ። ኪስ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ከዓለም ሻምፒዮን በላይ ይጫወታል። ስለዚህ የእንጨት ሣጥን አሠራሁ። ተጫዋቹ ስልኩን አጥፍቶ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ሣጥኑ ውስጥ ያስገባል፤ እኔ እቆልፋለሁ። የመጨረሻው ጨዋታ ሳያልቅ አይከፈትም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበትም ነበር።

ትዕግሥት እዚያው ኮልፌ ልብስ ሰፊ ናት። ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ያሳየኋት እኔ ነኝ። የክፍለ ከተማው ቡድን ውስጥ ለመግባት አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ቀርቷት ነበር። በዚያ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት አቀርቅራ ቆየችና ከጠጠሮቿ ሁሉ ኃይለኛዋን፣ ንግሥቷን፣ ሆን ብላ አስበላች። ተጋጣሚዋ መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ መሸነፉ ሲገባው እጁን አወጣ።

"ዳኛ! ይሄ የሰው ጨዋታ አይደለም። ቅድም ሽንት ቤት ገብታ ነበር፣ ስልክ ይዛለች።"

በራሴ ስልክ ባለው የቼዝ ፕሮግራም የጠጠሮቹን አቀማመጥ አስገብቼ አየሁ። ፕሮግራሙም ንግሥቷን ስጥ አለኝ። ያስተማርኳት ልጅ አዋረደችኝ ብዬ ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ ስልኬ እኮ ሣጥኑ ውስጥ ነው" አለች።

"ባዶ ፖስታ የሚያስገባም አለ።"

"ታዲያ ይክፈቱትና ይዩት!"

"ጨዋታ ሳያልቅ አይከፈትም።"

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ክርና ሜትር ብቻ ወጣ። እኔ ግን ሰዓቱን አቁሜ ስሟ ፊት ዜሮ ጻፍኩ።

ማምሻውን ሣጥኑን ስከፍት የትዕግሥት ፖስታ ውስጥ መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልኳ ተኝቷል። ለአቶ ግርማ ነገርኳቸው።

"ውጤቱ ተፈርሞ ተለጥፏል። ዳኛ ተሳሳተ ከሚባል ዝም በል" አሉ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዝም አልኩ። ቦታው ለተጋጣሚዋ ሄደ።

ሳምንት ቆይቼ፣ ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ታክሲ ይዤ የምትሠራበት ሱቅ ሄድኩ። መሳሳቴን ነገርኳት። ስፌቷን አላቆመችም።

"ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ጋሼ! እንደዚያ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም። ካሁን በኋላ ጥሩ ነገር ሲታየኝ ምን ላድርግ? እንዳልጠረጠር ብዬ ደካማውን ልጫወት?"

 ከዚያ ወዲህ ቼዝ አልነካችም። ሰዎች ማሽኑ ቼዝን ገደለው ሲሉ ስሰማ ያመኛል። ትዕግሥትን ከጨዋታው ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

ለአዳዲስ ዳኞች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ከመፍረዳችሁ በፊት ሣጥኑን ክፈቱ። ያን ቀን ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።