የትኛው ሀ

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ወንድሜ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘግቶ መጣና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። አያ ነበር የምለው፤ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበር። መዝገቡን ዝናብ ስላበላሸው የአባላቱን ዝርዝር ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ነበር። ማለት፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይነቅፋል።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ከተቀመጥሁ ጀምሮ ጃቫስክሪፕት ያስተምረኝ ነበር። እያንዳንዱ አባል በጠምዛዛ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፦ ስሙ፣ ስልኩ፣ ምድቡ። መቃብር የሚቆፍሩት ወንዶች በአራት ምድብ ተከፍለዋል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሰው ሲሞት ተረኛው ምድብ ይወጣል።

"ፊልተር ማለት ሰልፍ ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነው" አለኝ። "አዎ ያለውን ወደ አዲስ ሰልፍ ያሳልፈዋል። የቀረው አይጠፋም፤ በድሮው ሰልፍ እንዳለ ነው።"

ይችን መስመር ጻፈልኝ፦

አባላት.filter(ሰው => ሰው.ምድብ === "ለ")

የምድብ ለ ሰዎች ብቻ ወረዱ።

"ሐመሩን ሐ በሺፍት ነው የምትጽፈው፣ እንዳትረሳ። የኔታ ዘንድ ስላልተማርህ ሁሉም ሀ አንድ ይመስልሃል።"

"ሲጠሩት አንድ አይደል እንዴ?"

"ኮምፒውተር ጆሮ የለውም፣ አንተ ደንቆሮ!"

ሳቅን። ማምሻውን "አስተካክለሃል?" ሲለኝ "አዎ" አልሁ። አላስተካከልሁም ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ጉራ መስሎኝ ሁሉንም በአንዱ ሀ ነበር የጻፍሁት። እናቴ እሳት ማያያዣ ስትጠይቀኝም አያ ከተበላሸው መዝገብ ገልብጦ የሰጠኝን ወረቀት ሰጠኋት።

እሑድ ጧት ጉና እግር ሥር ያለችውን አክስታችንን ሊጠይቅ በሞተር ሳይክል ሄደ። ጉም ነበር። ሞተሩ ከመንገድ ወጣ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ከሰዓት አስከሬኑ ቤት ገባ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የኔታ መጡ። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፊደል ያስተምራሉ። አያንም ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ተረኞቹን ከዚያ ሳጥን አውጣልኝ። ጉድጓዱ በጧት ካልተጀመረ አይደርስም።"

"የትኛው ምድብ ነው፣ የኔታ?"

"ሐመሩ ሐ።"

መስመሯን ጻፍኋት፤ ሐን በሺፍት። ባዶ ቅንፍ ብቻ መጣ። ደግሜ ጻፍሁ። ባዶ። በሃሌታው ሀ ስሞክረው ሠላሳ አንድ ሰው ወረደ፤ አንደኛውና ሦስተኛው ምድብ ተደባልቀው። ማን ከየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነበር። ስድስተኛው መስመር ላይ እሱ ራሱ አለ። ስሙ፣ ስልኩ፣ ምድቡ። የገዛ መቃብሩን ሊቆፍር።

ስሙ የእሱ ያልሆነውን ብቻ አምጣ የሚል ሌላ ሁኔታ ልጨምር ጀመርሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ አቃተኝ፤ አጠፋሁት።

"የለም?" አሉ የኔታ።

"ሁሉንም በአንድ ሀ ነው የጻፍሁት። ለአያ ግን አስተካክያለሁ ብዬው ነበር።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "በል ጥሩምባ ነፊው እየዞረ ያጣራ። ሐዘንተኛ ደጅ ለደጅ አይዞርም። አንተ እናትህ ዘንድ ተቀመጥ።"

ሰኞ ሲነጋጋ ሠላሳ አንዱን ስም በወረቀት ገልብጬ ወጣሁ። የእሱንም ገለበጥሁት። እንዴት እንደምዘለው አላወቅሁም።

የመጀመሪያው በር የአናጺው ነበር። ማታ ከይፋግ መግባታቸው ስለነበር ምንም አልሰሙም።

"ምድብዎ የትኛው ነው?" አልኋቸው።

"ሀ።"

"የትኛው ሀ?"

"ሀ ነዋ! ስንት ሀ አለ?"

"ሃሌታው ነው ሐመሩ?"

"እኔ ደብተራ ነኝ እንዴ? ጧት በፈተና መጣህብኝ! ያ ወንድምህ ያውቀው የለም? እሱን ጠይቀው።" ከዚያ ፊቴን አዩት። "ማን ሞቶ ነው?"

ወረቀቱን አየሁ። ስድስተኛው ስም ላይ ጣቴን አደረግሁ።

"እሱ ነው" አልሁ። "እሱ ነው የሞተው።"

አናጺው በሩን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ገቡና ዶማቸውን ይዘው ወጡ።

"አንተ ቤት ሂድ" አሉኝ። "ሌሎቹን እኔ እጠራቸዋለሁ፤ የፈለገው ሀ ይሁን።"

እሺ አልሁ። ግን አልሄድሁም። ከስማቸው ጎን ጭረት አደረግሁና የሚቀጥለውን በር አንኳኳሁ።