ማሽላው አይቆረጥም

ዳኛው መቀሱን በእጀታው በኩል አዙሮ ሲያቀብለኝ ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ክፉ ሰው ቢሆን እኮ እምቢ ማለቱ ይቀለኝ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ማሽላሽን ግማሽ በግማሽ ቁረጪው፤ ከምሳ በኋላ ተመልሰን እናየዋለን» አለኝ። ከቆረጥሽ አንደኛ ትወጫለሽ ማለቱ ነበር። አንደኛ የወጣ ተማሪ ዞኑን ወክሎ ለክልል ውድድር ባሕር ዳር ይሄዳል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ሐይቅ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከቀወት ገጠር ሸዋ ሮቢት ድረስ በእግሬ እየተመላለስኩ ነበር የምማረው። ውድድሩ የአካባቢን ገጽታ በትንሹ ሠርቶ ማሳየት ነው፤ ርዕሱም «አካባቢዬ» ይላል። የዘመኑ ነገር ሆኖ አብዛኛው ተወዳዳሪ ገና ያልተሠራ ግድብና ገና ያልፈሰሰ አስፋልት ሠርቶ መጣ። እኔ ኮምፔንሳቶ ላይ ቤታችንን፣ የማሽላ ማሳችንን፣ በማሳው መሀል ደግሞ ማማ ላይ ቆማ ወፍ የምትጠብቅ እናቴን ሠራሁ።

አንዲት ጠብታ ኮላ ሳልቀባ በፊት የወሰንኩት ነገር አንድ ነው፤ አንድ የክብሪት እንጨት አንድ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በክብሪት ለካሁት። በራችን አንድ ክብሪት ከትንሽ። የቆላ ማሽላ ሁለት ሰው ቢደራረብ ነውና ሁለት ክብሪት። ማማው ከማሽላው በላይ ብቅ ማለት አለበትና ሦስት። አገዳውን ከመጥረጊያ ሣር፣ ቅጠሉን ከደረቀ የማሽላ ቅጠል በመቀስ አቅጥኜ አወጣሁት። የአገዳውን ራስ ኮላ ውስጥ ነክሬ ጤፍ ላይ አንከባለልኩት። ጤፉም ለልኬቴ ትንሽ ይተልቅ ነበር፤ ከጤፍ የሚያንስ እህል ግን ፈጣሪ አልሠራልኝም።

በእኛ ሰፈር ማሽላ ማሸት ሲጀምር ክፍል ውስጥ ወንበሩ ይራቆታል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ ከግሪሳ ጋር ሲጯጯሁ ይከርማሉ፤ ትምህርቱም እዚያው ይቀራል። አባቴ ከሞተ በኋላ የእኔ ተራ ነበር። እናቴ ግን «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እጮሃለሁ» ብላ ራሷ ወጣች። ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ስትጮህ ትውልና ማታ በሹክሹክታ ታናግረኛለች። እንግዲህ የሠራሁት ይህን ነው።

የውድድሩ ዕለት፣ ደጋ ላይ ባለችው የዞኑ ከተማ፣ ሦስቱ ዳኞች ጠረጴዛዬ ጋ ደርሰው ቆሙ። አለቃቸው መመዘኛውን አነበበ፤ ልኬት፣ ንጽሕና፣ መልእክት። ጎንበስ ብሎ አየና «ማሽላው ቤቱን ዋጠው» አለ።

«ጋሼ፣ የኛ ማሽላ እንዲህ ነው» አልኩት።

«ቢሆንም ለዓይን ይከብዳል። ተመልካች ቤቱን ማየት አለበት።» መቀሱን ያቀበለኝ ይሄኔ ነው።

ከጎኔ ያለው ልጅ የሠራው ከተማ በባትሪ የሚበራ አምፖል ነበረው። አምቡላንሱ ከጤና ጣቢያው በር ይሰፋል፤ በሽተኛው በየት በኩል እንደሚወርድ እንጃ። ስለ እሱ ልኬት ማንም ትንፍሽ አላለም፤ አምፖሉ ያበራል አይደል! ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እኔም ከዚያ ወዲህ መምህር ሆኜ ስንቱን ውድድር ዳኝቻለሁ፤ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሰውሽ ስንት ነው?» ብዬ ነው። ሰውየውን ያልለካ ልጅ ሌላውን ሁሉ በግምት ነው የሠራው። የሚያምረውና ልክ የሆነው ሲጣሉ ለየትኛው እንደምፈርድ ተማሪዎቼ ያውቃሉ።

ዳኞቹ ምሳ ሲወጡ ያመጣኝ የጂኦግራፊ መምህሬ መቀሱን እያየ ለመነኝ። «ሣር እኮ ነው! አሁን ቁረጪው፣ ሲያልፍ ሌላ ትተክያለሽ።»

«መምህር፣ ማሽላው ከቁመቷ ካልበለጠ እናቴ ማማ ላይ ምን ትሠራለች? መሬት ቆማ አታየውም?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለኝ ተናዶ።

እንግዲያው ሞኝ ልባል! አሻፈረኝ አልኩ። ባሕር ዳር አማረኝ፣ አልዋሽም፤ ከንዴቱ የተነሣ እንባዬ ኮምፔንሳቶው ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ግን የእናቴን ድካም በገዛ እጄ ቀልድ አላደርገውም። ዳኞቹ ሲመለሱ መቀሱን በእጀታው በኩል አዙሬ ለአለቃቸው አቀበልኩት። እሱም ትከሻውን ሰብቆ አለፈ።

ባለ አምፖሉ ባሕር ዳር ሄደ። ለእኔ ለተሳትፎ እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ጣርማ በርን በአውቶቡስ ቁልቁል ስንወርድ ማሳዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በመስኮት እያየሁ መጣሁ።

ቤት ስደርስ አመሻሽ ላይ ነበር። እናቴ ከማማው ወርዳ ደጃፍ ተቀምጣለች።

«እንዴት ሆንሽ?» አለች በዚያ በተዘጋ ድምጿ።

«ቁረጪው አሉኝ፣ እማዬ።»

«ምኑን?»

«ማሽላውን።»

«ሳይደርስ?» አለች።

ኮምፔንሳቶውን ተቀብላኝ ገባችና መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ክብሪቷን ሴትዮ በጣቷ ነካ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ይህን ጊዜ ዶሮዎቻችን ለማደር ወደ ቤት ሲገቡ ጤፉን አዩት። አንዷ ዘላ መደቡ ላይ ወጣችና ጫፍ ላይ ያለውን አንድ ራስ ጠቅ አደረገች። እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ለሹክሹክታ እንኳን አልበቃ ብሎ የነበረው ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች።

«እሽ! ወዲያ! የልጄን ማሽላ አላስበላም!»