ወደ ወንዙ የሚከፈተው በር

ባለቤቴ ከብት የማርባት ሐሳብ የመጣለት ልጃችንን ከቀበርን በኋላ ነው። ምንጃር ገጠር ተወልዶ ከጥጃ ጋር ያደገ ሰው ቢሆንም፣ ድሬ ዳዋ ከገባ ጀምሮ ከብረትና ከዘይት ሌላ ነገር ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሥራው የሽመንደፈርን ባቡሮች መጠገን ነው። ጠዋት ጡሩምባ ሲነፋ ይወጣል፣ ማታ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ቅባት ይዞ ይመለሳል።

ልጃችንን ገና አራት ዓመት ሳይሞላት ወባ ወሰደብን። ሌላ ልጅ አልነበረንም። ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ እሱ ስሟን አልጠራም፤ እኔ ስጠራም ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። አላስጨንቀውም ብዬ ተውኩት። ዝምታው ቤታችን ውስጥ እንደ ድሬ ሙቀት ሆነ፤ ሁለታችንም እዚያው ውስጥ ተቀምጠን ሌላ ሌላውን እናወራለን።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን "ከዚህ ሙቀት እንውጣ" አለኝ። "ነፋስ ያለበት ቦታ ትንሽ መሬት ይዘን ላም እናርባ። ጡረታዬም ሩቅ አይደለም።"

"መሬቱን ማን ይሰጠናል?"

"ይገዛል" አለና እንጀራውን መቁረስ ቀጠለ።

እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። ከደንበኞቼ አንዷ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ግሪካዊት ባልቴት ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማዳም ይላቸዋል። ስንትና ስንት ዓመት ድሬ ኖረውም አማርኛቸው አልተቃናም፤ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚሉት። የሚያሰፉት ጥቁር ቀሚስ ብቻ ነበር።

"ባልህ ላም ይፈልጋል ይላሉ" አሉኝ ወገባቸውን ስለካቸው።

"ይፈልጋል ማዳም። ማን ነገረዎት?"

"ድሬ ትንሽ ናት። እኔ ቤት አለኝ፣ በዋሂል መንገድ። ባሌ ላሞች ነበሩት፤ ወተት ለሆቴሎች ይሸጥ ነበር። እሱ ሞተ፣ ቤቱም ታመመ። ጣራው ግማሹ የለም። ግን መሬት አለ፣ የጉድጓድ ውሃ አለ። ሂድ፣ እየው።"

ሜትሬን ስጠቀልል ክንዴን ያዙኝ። "አንድ ነገር ብቻ። በወንዙ በኩል በር አለ። እሱ በር አይዘጋም። የገዛው ሰው እንዳይዘጋው እፈልጋለሁ። ይህን ቃል ከሰጠኸኝ በዋጋው አንጣላም።"

ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ስለ ቁልፍና ስለ ክር እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስድስት ዓመቷ። በዚያ በር ወጥታ ደረቁ አሸዋ ላይ ስትጫወት፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሳይታሰብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ሰው ሁሉ ወንዙን ተከትሎ እስከ ታች ቆላ ድረስ ፈለገ። ገላዋ አልተገኘም።

"በሩስ ማዳም?" አልኳቸው።

"ምናልባት ብትመጣ" አሉ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ግንባሩን ቋጠረ። "በር የማይዘጋ ግቢ ውስጥ ከብት ይኖራል? ጅብ በየት የሚገባ መስሎሽ ነው?" ትንሽ አሰበና "እሺ በያቸው" አለ። "ከገዛን በኋላ ማን መጥቶ ያየናል።" አነጋገሩ ደስ አላለኝም። ግን ነፋስ ያለበት ቤት እኔም አምሮኝ ነበርና ማዳምን እሺ አልኳቸው።

ለማየት የሄድነው ዕቃ ጭኖ ወደ ዋሂል በሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ከመንገዱ ወርደን በቁልቋልና በግራር መሃል ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ቤቱ ቁልቁለቱ ላይ ታየን። ቆርቆሮው በነፋስ ተገንጥሎ ግማሹ መሬት ላይ ተጋድሟል። የመስኮቱን እንጨት ምስጥ በልቶት በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ከበረቱ ኋላ ማንም የማይለቅማቸው የጊሽጣ ዛፎች የጣሉት ፍሬ መሬቱ ላይ ጠቁሮ በስብሷል። ባለቤቴ ግን የድንጋዩን ግድግዳ በጡጫው እየመታ ሲዞር፣ የጉድጓዱን ውሃ ቀድቶ ሲቀምስ፣ የበረቱን ስፋት በእርምጃው ሲለካ ፊቱ ፈካ። እንደዚያ ሆኖ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ያ በር ግቢው መጨረሻ ላይ ነበር። የብረት በር ነው፤ ወደ ኋላ ተከፍቶ ከግንቡ ጋር በሽቦ ታስሯል። ከእሱ ወዲያ የሚታየው ሰፊ ነጭ አሸዋ ነው፤ ውሃ የሚባል የለበትም። ሣሩ በየቦታው እስከ ሰው ደረት ድረስ አድጎ ሳለ በበሩ ፊት ለፊት ያለው መሬት ተረግጦ ጠፍጥፏል። ባለቤቴ አላየውም። እኔ አይቼ ፍየሎች ናቸው ብዬ አለፍኩት።

ማዳም ቁልፉን ሰጥተውን "ክረምቱን ኑሩበት፤ ከዚያ ትወስናላችሁ" አሉን። ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ አንዲት ያረገዘች ላምና ጥቂት ፍየሎች ገዛ። አልጋችንን፣ ማሰሮአችንንና የስፌት ቅርጫቴን ጭነን ወጣን።

የመጀመሪያው ቀን ጀንበር ስትጠልቅ ሽቦውን ፈትቶ በሩን ዘጋው። ጠዋት ተከፍቶ አገኘነው። ነፋስ ነው አለና በሚቀጥለው ማታ በሽቦ ጠፍሮ ዘጋው። ጠዋት እንደገና ተከፍቷል፤ ሽቦው በደንብ ተጠቅልሎ በቦታው ተሰቅሏል። ባለቤቴ ሽቦውን በእጁ ይዞ ብዙ ቆመ። ነፋስ ሽቦ አይጠቀልልም።

በበነጋታው ሊነጋጋ ሲል ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። በሩ ዘንድ ራሷ ላይ ጉፍታ ያሰረች አንዲት አሮጊት ሽቦውን ስትፈታ አየኋት። ባልዲው ከእጄ ወደቀ።

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ አትደንግጪ" አለችኝ ዞር ብላ። "ጎረቤት ነኝ። ቤቴ ያውና፣ እዚያ ላይ።" አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ ነበር።

"በሩን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት?"

"አንቺ በይኝ። እኔ ነኝ። ማታ እሱ ይዘጋል፣ ጠዋት እኔ እከፍታለሁ።"

"ማዳም ናቸው ያዘዙሽ?"

"ማዳም እኔ በሕይወት መኖሬን አታውቅም።" ግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ልጅቷን ያን ቀን የምጠብቃት እኔ ነበርኩ። እዚያ ጉድጓዱ ጋ ልብስ አጥባለሁ፣ እሷ አሸዋው ላይ ናት። ጠራችኝ። ሁልጊዜ ትጠራኛለች፤ እሄዳለሁ፣ ትደበቃለች፣ ትስቃለች። መጣሁ አልኳት። የያዝኩትን ልብስ እስክጨምቅ ነው ያልኩት። ከዚያ ላጋው መጣ፤ ወንዙ።" እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው። "በዚያው ዕለት ከዚህ ጠፋሁ። እነሱ ወደ ከተማ ሲገቡ ተመለስኩ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ትጠራኛለች። አሁን ቶሎ እመጣለሁ፤ በሩ ዝግ ሆኖ እንዳይጠብቃት ነው።"

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ እሾህ ሲቆርጥ ውሎ በረቱን ዙሪያውን አጠረው። ማታም ወደ ወንዙ በር አልሄደም። "በረቱን አጥሬዋለሁ፤ ጅብ አይገባም" አለኝ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ግቢውን ስጠርግ ሁልጊዜ የምጨርሰው እዚያ በር ላይ ሆነ። ምስር ስለቅም ፊቴን ወደዚያ አዙሬ እቀመጣለሁ። አሮጊቷ ከሰዓት በኋላ ሆጃ በጣሳ ይዛ ትመጣለች፤ ወተት የገባበት ትኩስ የቡና ቅጠል ነው። አብረን እየጠጣን አሸዋውን እናያለን። አንድ ቀን ከተረፈ ጨርቅ የልጅ ቀሚስ እየቆረጥኩ ራሴን አገኘሁት። ማንም አላዘዘኝም። ቁመቱን አንስቼ ሳየው የማዳም ልጅ ልክ አልነበረም። ልጃችን በሞተችበት ጊዜ የነበራት ልክም አልነበረም። ብትኖር ኖሮ ለዚያ ክረምት የሚሆናት ነበር። ባለቤቴ ሳያይ ጨርቁን ጠቅልዬ ቅርጫቱ ሥር ከተትኩት።

ደራሹ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር፤ ደጋው ብቻ ጠቁሯል። ባለቤቴ ጣራ ላይ ሆኖ ቆርቆሮ ይመታል። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ከባድ ባቡር ከሩቅ ሲመጣ ከመሬቱ ሥር እንደሚሰማው ያለ። ባለቤቴ መዶሻውን አቆመ። ከዚያ ቀይ ውሃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ያን ነጭ አሸዋ ሸፈነው።

ባለቤቴ ከጣራው እንዴት እንደወረደ አላየሁም። እኔ ዞር ስል እየሮጠ ነበር። በበሩ ወጣ፣ ዳርቻውን አለፈ፣ ውሃው ውስጥ ገባ። ተከትዬው ሮጬ ሸሚዙን ከኋላ ያዝኩ። ውሃው ከጉልበታችን በላይ ሆነ፤ እግሬ ሥር ያለው አሸዋ ይሸሻል።

"ልቀቂኝ" አለ። "ትጠራለች።"

"ማን ናት የምትጠራህ?"

የልጃችንን ስም ጠራ። ከቀብሯ ወዲህ ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ነው።

አሮጊቷ ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ሌላውን ክንዱን ይዛዋለች። "ያንተ አይደለችም" አለችው ጆሮው ሥር። "ስማኝ ወንድሜ፣ ያንተ አይደለችም። እኔን ናት የምትጠራው።" በዚያ አቅሟ እንደምንም ብላ ከእኔ ጋር ጎትታ ወደ ዳር አወጣችው።

መሬት ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "አልሰማሽም?" አለኝ።

ሰምቼ ነበር። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከውሃው ጩኸት በላይ ተለይቶ የሚሰማ። የፍየል ግልገል ይሆናል ብዬ ወደ በረቱ ሄጄ አየሁ፤ ፍየሎቻችን ሁሉም በእሾህ አጥራቸው ውስጥ ተኝተው ያመሰኩ ነበር።

"ሰምቻለሁ" አልኩት።

በማግስቱ ጣራው ላይ አልወጣም። ደፉ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። "ግድግዳው እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይቆማል" አለ። "ውሃው ጣፋጭ ነው፤ መሬቱም ከብት ያጠግባል።"

"ያጠግባል" አልኩት።

"እዚህ ከኖርን ግን ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አይኖረንም።"

ቅርጫቴን አምጥቼ ያቺን ቀሚስ አሳየሁት። ነገሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በእጁ አስተካከለው፤ እያለቀሰ ነበር። "ማዳም ይጠብቁ" አልኩት። "ልጃቸው የት እንዳለች አያውቁም። እኛ የኛ የት እንዳለች እናውቃለን። እሷ ወዳለችበት ከተማ እንመለስ።" በዚሁ ተወሰነ።

ቁልፉን ልንመልስ ከዚራ ስንሄድ ማዳም ለምን አልገዛችሁም አላሉም። የጠየቁት "በሩስ?" ብለው ነው።

"ክፍት ነው ማዳም" አልኩ። "ዱሮም ክፍት ነበር። ጠዋት ጠዋት የምታየው ሰው አለች።" ማን እንደሆነች ነገርኳቸው። በእጃቸው የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"እሷ የጠላችኝ መስሎኝ ነበር" አሉ ማዳም። "ስለዚህ የሄደች። አልፈለግኳትም፤ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ልጄ ትወዳት ነበር። ለምን አልፈለግኳትም?" ጥያቄው ለእኛ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና ወጡ። ሁለቱ ሲገናኙ አላየሁም፤ ምን እንደተባባሉም ማንም አልነገረኝም። ማዳም ግን ለመኖር ወደ ከተማ አልተመለሱም። ቤቱም አልተሸጠም። ባለቤቴ በየእሑዱ እየሄደ ጣራውን ጨረሰላቸው፤ ምስጥ የበላውን መስኮት ቀየረ። ላማችንንና ፍየሎቹንም እዚያው ተውናቸው። እኔ አብሬው አልሄድኩም። እሱ በሚሄድበት እሑድ እኔ ከቅዳሴ በኋላ ልጃችን መቃብር ዘንድ እቀመጣለሁ፤ ሲመለስ ስለ እሷ ያነሳልኛል፤ ስትስቅ አፍንጫዋ እንዴት እንደሚሸበሸብ፣ የባቡር ፊሽካ ስትሰማ እንዴት እንደምትሮጥ። አንዳንዱን እኔ ረስቼው ነበር።

ላማችን መስከረም ውስጥ ወለደች። ከዚያ ወዲህ ማዳም ጠዋት በሚገባው መኪና ወተት ይልኩልን ጀመር። ቅል ሙሉ ነው፤ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ ይመጣል። ባለቤቴ አፍልቶ ይጠጣዋል። እኔ ለጎረቤት ልጆች አከፋፍለዋለሁ፤ ወተቱ ምንም አልሆነም፣ ልጆቹም ይወዱታል። እኔ ግን ከቀመስኩት ወደዚያ በር ተመልሼ መጠበቅ የምጀምር ስለሚመስለኝ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም።