የእናቱ አፍ

ጓደኛዬ የጃቫ ሰው ነበር፤ ኢንዶኔዥያ፣ ባንዩማስ ከሚባል አገር። ሆሊውድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ እኔ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። የምንግባባው በስብርባሪ እንግሊዝኛ ነው። እናቱን በቪዲዮ ሲያወራ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይጮኻል፣ ይስቃል። ሌላው ጃቫ «ምን» ወይም «ወይስ» ለማለት «ኦፖ» የሚለውን የባንዩማስ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው «አፓ» ይላሉ። የቃሉን መጨረሻም አይውጡትም፤ «ክ» ካለበት ጥርት አድርገው ይመቱታል።

እናቱ እኔን ሲያዩ መጀመሪያ «ዊስ ማዳንግ አፓ ኡሩንግ?» ይሉኛል። በልተሻል ወይስ ገና? ጃቫኛ የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ሌላ ጃቫኛ መኖሩንም ረስቼው ነበር። ልጃቸውን ላገባ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸውንም ላገባ ነበር።

አንድ እሁድ፣ ጨዋ የሚባለው ጃቫኛ የሚነገርባት የሶሎ ከተማ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌና ቤተሰባቸውን ይዞ ምግብ ቤታችን መጣ። እዚህ ያሉት ጃቫዎች እንደ አባት የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው። እጮኛዬ ናት ብሎ ሊያሳየኝ ነው።

«አማቾችሽ መጡ፤ ደግሞ ወጡን እንዳትደፊባቸው» አሉኝ የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ።

አልደፋሁም። እንዲያውም ለሽማግሌው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ «ማዳንግ፣ ኤናክ» አልኳቸው። ይብሉ፣ ይጣፍጣል ማለቴ ነው። «ክ»ዋን ልክ እንደ እናቱ መታኋት።

ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። ሽማግሌው ጉርሻውን ከነሳቃቸው ጎረሱልኝ። «ይሄማ የቴሌቪዥን ድራማ ገረዶች አነጋገር ነው። ማን አስተማረሽ ልጄ?» አሉ። ክፋት የለባቸውም።

እሱን አየሁት። እናቴ ናት ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ከኢንተርኔት ነው» አለ። ከዚያ «ኦ» የበዛበት፣ ለስላሳ ጃቫኛ ያወራ ጀመር። ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

መኪና ውስጥ «ታዲያ እናትህ ኢንተርኔት ናት?» አልኩት።

«አይገባሽም።»

እንዴት አይገባኝም? ከጎጃም አዲስ አበባ የገባሁ ሰሞን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር። አባቴን ግን አላውቀውም ብዬ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኩት። ቤቴ በር ላይ አወረደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳም።

መለያየታችንን ለእናቱ አልነገራቸውም። ባለፈው ሥራ ላይ ሆኜ ደወሉልኝ።

«ዊስ ማዳንግ አፓ ኡሩንግ?»

«ኡሩንግ» አልኳቸው። ገና።

በልቼ ነበር። በልቻለሁ ካልኳቸው ግን ደህና ሁኚ ብለው ይዘጉታል።